እሱ ያየው ፊልም

«ከግርጌው እርማት እንጨምርበት?» ሲል ጠየቃት አዘጋጁ፣ ለቀስተኛው እንዳይሰማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። የሟች ባሏ የቀድሞ አለቃ ነው። ጋዜጣው ለመታሰቢያ ሊያወጣ ያሰበው ባሏ ስለ አንድ ፊልም የጻፈውንና ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ያደረገውን ያንኑ ጽሑፍ ነበር።

ጥግ ላይ የተቀመጡት የባሏ ወዳጆች ስለዚሁ ጉዳይ ሲያንሾካሹኩ፣ አንደኛውን ሳቅ አመለጠውና በመሐረቡ አፈነው። አልተቀየመችም። እሱም ቢኖር አብሯቸው ይስቅ ነበር።

ፊልሙ በዘፈን የተሠራ የጥንት ተረት ነው። አንድ ዘፋኝ የሞተችበትን ሚስቱን ሊያመጣ ሙታን አገር ይወርዳል። ከኋላህ ትከተልሃለች፣ ዞረህ ግን እንዳታያት ይሉታል። መውጫው ላይ አላስችል ብሎት ይዞራል፤ በዚያው ያጣታል።

ፊልሙ የወጣ ጊዜ ሃያስያኑ ሁሉ አብጠለጠሉት። ዘፈን በዛበት፣ በተረቱ ተቀለደበት አሉ። ያወደሰው ባሏ ብቻ ነበር፤ ያወደሰው ግን ፊልሙ የሌለውን መጨረሻ ነው። ማርፈድ መቼም አመሉ ነበርና ማሳያው ካለቀ በኋላ ደረሰ። ለብቻው ሲደግሙለት የተሰላቸው የሲኒማ ቤት ሠራተኛ የመጨረሻዎቹን ሁለት የፊልም ጥቅሎች አቀያይሮ አጫወተለት። ሚስትየዋ መጀመሪያ ጠፋች፤ ቀጥሎ ባልና ሚስት እየዘፈኑ ዳገቱን ሲወጡ ታዩና መብራት በራ። «ሞትን ያሸነፈ ዘፈን» ብሎ ጻፈ፣ የዋሁ።

ዓመታት አልፈው ፊልሙን የረገሙት ሁሉ አወዳሽ ሲሆኑ፣ የእሱ ስህተት ብቻ ቀረች። ሂድና ትክክለኛውን እየው ብላ ስንቴ ለመነችው።

«ምን ሊያደርግልኝ?» አላት አንድ ቀን፣ ጫማውን እያሰረ። «የእኔዋ ወጥታለች።»

ያን ጊዜ ግትርነቱ አናድዷት ነበር። አሁን ግን እንደዚያ ግትርነት የናፈቃት ነገር የለም፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር፣ እንደ አመሉ አርፍዶ የመጣ እየመሰላት ልቧ ይዘላል።

«እርማት አያስፈልገውም» አለች። «እንዳለ አውጣው፣ ጋሼ።»

«ሰው ይስቅበታል እኮ፣ እህቴ።»

«ይሳቅ። ሚስትየዋ ትውጣለት።»

አዘጋጁ እግዜር ያጥናሽ ብሏት ተነሣ። ቤቱ በሰው ተጨናንቆ ስለነበር አንዲት ጎረቤት በለቀቀው ቦታ ልትቀመጥ መጣች። የሟች ሚስት ግን መዳፏን ከጎኗ ባለው ባዶ ወንበር ላይ አሳረፈች።

«ሰው አለው» አለቻት ቀስ ብላ።