ስድስት ጆንያ ከሰል በአንዲት ባልቴት ቤት

ወረቀት የያዘ ሰው እትዬ ሀጅራን አስፈርቷቸው አያውቅም። ያን የሐምሌ ጠዋት ሙሉብርሃን የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ፎርሙን ታቅፎ ሰባተኛ ሰፈር ያለው ግቢያቸው ሲደርስም፣ «ግባ ልጄ፤ ጭቃህን ግን እደጅ ጥረግ» ብለው ተቀበሉት።

ሥራው የቀበሌ ቤት ተከራይ በክረምቱ ስንት ከሰል እንደሚፈጅ አስቀድሞ ማስላት ነው፤ ራሽኑ የሚታደለው በሱ ስሌት ነው። «የቤተሰቡን ብዛት፣ ሥራውንና ገቢውን ይንገሩኝ እንጂ ከሰሉን እኔ እነግርዎታለሁ» አለ አፉን ሞልቶ። «እርስዎ ብቸኛ ነዎት፤ ጥጥ ፈትለው ሸማ ተራ ይሸጣሉ። ለወር ግማሽ ጆንያ ይበቃዎታል።»

ይህን ብሎ ቀና ሲል ጥግ ላይ የተደረደረውን አየ። ስድስት ጆንያ! በግቢው የቀሩትን አምስት ክፍሎች ዞሮ ቢያይ ደግሞ ሰባት ነፍስ ያለበት የጎረቤታቸው የጠይብ ቤት እንኳ አንዲት ፍሬ ከሰል የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካቻምና ጠይብ በሩን ዘግቶ ከሰል ቢያነድ ልጆቹን ጭሱ መርዟቸው ለጥቂት ተረፉ። የእትዬ ሀጅራ ክፍል ግን ቤት ሳይወረስ በፊት የባለቤቱ ማድ ቤት ነበርና ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ጭስ መውጫ ያለው ነው። ከዚያ ወዲህ ግቢው ሁሉ ራሽኑን ተሸክሞ እሳቸው ዘንድ ያራግፋል። አመሻሹ ላይ ሁሉም እዚያው ተኮልኩሎ ይሞቃል፤ ወጥ የምትሠራም ፍሟን ጭራ ትሄዳለች። ራሽን ለሌላ ማስተላለፍ ደግሞ ክልክል ነው፤ ካርድ ያስነጥቃል።

ወሬው ደርሶት የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ። ጆንያዎቹን ቆጠረ፤ የእትዬ ሀጅራን የራሽን ካርድ ተቀብሎ ኪሱ ከተተ።

«ይሄ አሻጥር ነው። ከሰል ደብቀው እየቸረቸሩ ነው። ከማን እንዳገኙት ይናገሩ፤ አለዚያ ካርዱም ቤቱም የለም።»

ጎረቤት ሁሉ በየበሩ ቆሟል። ሸማኔው ጋሽ ገብረ ኢየሱስ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ ሀጅራ በዓይናቸው ገሰጿቸው። ፈርተዋል፤ በዚህ ዕድሜ ሜዳ ላይ መውደቅ ያስፈራል። ጎረቤት አሳልፎ የሚሰጥ አፍ ግን አልፈጠረባቸውም።

«የኔ ነው» አሉ።

«ከየት አመጡት?»

«የኔ ነው አልኩህ እኮ።»

ሙሉብርሃን ይሄን ጊዜ ፎርሞቹን እያገላበጠ ይደምር ነበር። ስሌቱ የተሳሳተ መምሰሉን አልወደደውም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የስድስቱን ክፍል ግምት ስደምረው ስድስት ጆንያ ነው የሚመጣው። ያገኘነውም ስድስት ነው። ከሰሉን አልሳትኩም፤ የሳትኩት ቤተሰቡን ነው።» ወደ እሳቸው ዞረ። «እትዬ፣ ቤተሰብዎ ስንት ነው?»

እትዬ ሀጅራ የሙሉብርሃንን ፊት አዩና መውጫ እያበጀላቸው እንደሆነ ገባቸው።

«ሃያ ሦስት» አሉ፣ ፍንክች ሳይሉ።

«መዝገቡ አንድ ነው የሚለው!» አለ ሊቀመንበሩ።

«መዝገቡማ አይበርደውም። ሃያ ሦስታችን የምንሞቀው አንድ እሳት ነው። አንድ እሳት የሚሞቅ ሰው ከቤተሰብ ሌላ ስም ካለው ንገረኝ።»

ይሄኔ ከወለደች አሥር ቀን ያልሞላት ጎረቤታቸው እታገኝ ጋቢ ተከናንባ ከክፍሏ ወጣች።

«ተሳስተዋል እትዬ» አለች።

የግቢው ሰው ክው አለ። እትዬ ሀጅራም አሁን እውነቱን ልታወጣው ነው ብለው ሰጉ።

እታገኝ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ የሕፃኗን ፊት አሳየች። «ሃያ አራት ነን። ይቺን ዘለሏት።»

ሊቀመንበሩ ሕፃኗን አየ፤ ከዚያ ጆንያዎቹን፤ ከዚያ በየበሩ የቆመውን ሰው። ካርዱን ከኪሱ አውጥቶ ለእትዬ ሀጅራ መለሰላቸው።

«ሃያ አራት፣ አንድ ቤተሰብ ብለህ ጻፍ» አለው ሙሉብርሃንን። ለመውጣት ዞር ካለ በኋላ ቆመ። «አራስ ላለበት ቤት ተጨማሪ ይፈቀዳል ይላል አይደል ፎርምህ?»

ፎርሙ እንዲያ የሚል መስመር የለውም። ሙሉብርሃን ግን «ይላል፣ ጓድ» አለና በእስክሪብቶ ጨመረበት።