ገና አልቆመም

«መጥረጊያውን ስጭኝ እባክሽ» አለች ሀያት አንደኛውን ጫፍ ይዛ።

ዓለሚቱ አልለቀቀችም። ባሏ ዘውዱ ትናንት ተቀብሮ፣ ድንኳኑ በለቅሶ ደራሽ ሞልቶ፣ እሷ ጎንበስ ብላ ደጁን ትጠርግ ነበር። ደጁ ደግሞ ጧት ተጠርጓል።

«አቧራው እንግዳ ይረብሻል።»

«ለአቧራው እኛ አለንለት። አንቺ አረፍ በይ እህቴ፤ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ።»

ሀያት ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት ጎረቤት ናት፤ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። መጥረጊያውን ነጠቀቻትና ክንዷን ይዛ ወደ ሰሌኑ መለሰቻት። ዓለሚቱ ጥቂት ተቀምጣ የንፍሮው ሣህን ሲጎድል አየችና ተነሣች። መለሷት። የእንግዳ ጫማ ልደርድር ብላ ተነሣች። አሁንም መለሷት። በገሳይ ከተማ ሐዘንተኛ ሥራ ከነካ የሚታማው ጎረቤቱ ነውና ሴቶቹ በተራ ይጠብቋት ጀመር።

ሐሜቱም አልቀረላትም። «እንባ ጠብ አላላትም እኮ» አለች አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፍና። «ያን የመሰለ ባል!»

ዓለሚቱ ሰምታለች። እሷንም ያስጨነቃት ይኸው ነበር። ማልቀስ ትፈልጋለች፤ እንባው ግን እምቢ አላት። ልቧ ዳገት እንደ ወጣ ሰው ይመታል፤ እንቅልፍ የሚባል ባይኗ አልዞረም። ጆሮዋ ውስጥ የባሏ ወፍጮ ሳያቋርጥ ያጓራል። ወፍጮው ግን ዘውዱ ከሞተባት ቀትር ወዲህ ዝም ብሏል።

ያ የናፍጣ ወፍጮ ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር ግድግዳ ይጋራል። ዓለሚቱ ትዳሯን ሁሉ ከጎኑ ኖራ፣ እየጮኸች አውርታ፣ እየጮኸች ተጣልታ፣ እየጮኸች ታርቃለች። አሁን ዶሮ ስትጭር ይሰማታል። የገመዱ ልብስ በነፋስ ሲማታ ይሰማታል። ጸጥታው አስፈራት።

ዘውዱም ድሮ እንደ እሷ ነበር፤ ቆሞ የሚበላ፣ እየሄደ የሚጠጣ፣ አንዱን ጆንያ ሳያወርድ ሌላውን የሚያይ ሰው። ኋላ ራሱን እያዞረው ደብረ ታቦር ወርዶ ታየና «ደምህ ከፍ ብሏል፤ ዕረፍትና ጸጥታ ያስፈልግሃል» ተብሎ ተመለሰ። «ጸጥታ በቁና የሚሸጥበት ገበያ ካለ አሳዩኝ!» እያለ ደንበኛውን ሲያስቅ ሰነበተ።

በመጨረሻ ጸጥታውን እዚያው ወፍጮ ቤት ውስጥ አገኘው። ሞተር ሲጠፋ የወፍጮ ድንጋይ ወዲያው አይቆምም፤ በያዘው ኃይል ይዞራል፣ ድምፁ እየወፈረ፣ እየዘገየ ይሄዳል። ዘውዱ ድሮ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ሌላ ሥራ ይሮጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ማታ ማታ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ድንጋዩ እስኪቆም ያዳምጥ ጀመር። ሰው ቢጠራው መዳፉን ያነሣል።

«ቆይ፤ ገና አልቆመም።»

«ሞተሩ እኮ ጠፍቷል!» ትለዋለች ዓለሚቱ፣ ዱቄት እየጠረገች።

«ሞተሩማ ጠፍቷል፤ ድንጋዩ ግን አልሰማም። ሰውም እንደዚሁ ነው ዓለሚቱ። ሥራ አቆምሁ ስላልሽ ውስጥሽ ወዲያው አያርፍልሽም፤ ጊዜ ስጭው።» ሌላ በርጩማ ይስብላታል። «ነይ እስቲ፣ አንድ ጊዜ አብረሽኝ ተቀመጭ።»

«ወጡን ቅዱስ ሚካኤል ወርዶ ይሠራዋል?»

ይስቃል። ወጡ ሲደርስም ሄዶ ይበላል። በርጩማውን ግን ከዚያ አንሥቶት አያውቅም።

ሰውየው ተለወጠ። እንቅልፉ መጣለት፤ ሰው ሲያወራው ቃሉን ያስጨርሳል፤ ወረፋ ለሚጋፋ ደንበኛ እንኳ መቆጣት ተወ። «ዘውዱ መነኮሰ» እያሉ ቀለዱበት። ሞት ግን የሮጠውንም የተቀመጠውንም አይምርምና እህል ሲያፈስ በቁሙ ወደቀ። ዓለሚቱ ከገበያ ስትደርስ ሞተሩን ሌላ ሰው አጥፍቶታል። በዚያ እሪታ መሃል ድንጋዩ ሲቆም የሰማ አልነበረም።

በሠልስቱ ጸሎት ደርሶ ካህናቱ ሲሄዱ ዓለሚቱ የባሏን ታናሽ ወንድም ጠራችው።

«ሙላቴ፣ ወፍጮውን አስነሣው።»

ሙላቴ ደነገጠ። «ምን ነካሽ እትዬ? ሰው ምን ይለናል? አፈሩ ሳይደርቅ?»

«የሰው እህል ተከማችቷል» አለች። ዓይኑን ስታይ ግን ሰበቡን መጨረስ አቃታት። «እውነቱን ልንገርህ፤ ዝምታው ሊገድለኝ ነው። ጆሮዬ ውስጥ ከሚጮህብኝ፣ ውጭ ይጩህልኝ።»

ከድንኳኑ ጥግ መቁጠሪያቸውን ይዘው የተቀመጡት አሮጊቷ መነኩሲት፣ እማሆይ አመተማርያም፣ ቀና አሉ።

«አንድ ቁና ገብስ ይፈጭላት። ለነፍሱ ብለን ለነዳያን እንሰጠዋለን። የነዳያንን ዱቄት ማን ያማል?»

ከእማሆይ በላይ የሚናገር አልነበረም። ሙላቴ ሞተሩን አስነሣው፤ የጣራው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ዓለሚቱ ከኋላው ገብታ ሁለቱን በርጩማዎች አየች። የባሏ ላይ አልተቀመጠችም፤ ዘውዱ የሳበላት ላይ፣ የሷው ላይ፣ ተቀመጠች። ሀያት መጥረጊያውን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

ገብሱ አለቀ።

«ላጥፋው?» ብሎ ጮኸ ሙላቴ።

«አጥፋው።»

ሞተሩ ጠፋ። ሙላቴ ትከሻውን እያራገፈ ዞረ። «እትዬ፣ ዱቄቱን የት...»

መዳፏ በራሱ ተነሣ።

«ቆይ» አለች። «ገና አልቆመም።»

ሙላቴ ያን መዳፍ አወቀውና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ድንጋዩ ይዞር ነበር፤ ድምፁ ወፈረ፣ ከዚያ ዘገየ። ዓለሚቱ ዓይኗን ጨፈነች። በጆሮዋ ውስጥ ያለውና ከፊቷ ያለው አንድ ሆነው ሲወርዱ ተሰማት። ትከሻዋ ወረደ። ጥርሷን ነክሳ እንደቆየች ያወቀችው ስትለቀው ነው። ድንጋዩ አንዴ ዞረ፤ ቆየት ብሎ ደግሞ ግማሽ ያህል ዞረ፤ ከዚያ ምንም አልተሰማም።

ጆሮዋም ውስጥ ምንም አልነበረም። እንባዋ ያኔ መጣ፤ ያለ እሪታ፣ ያለ ሙሾ፣ ዝም ብሎ ጉንጯን ሞልቶ ወረደ። አልጠረገችውም።

«ቆመ» አለች። መዳፏንም ቀስ አድርጋ አጠገቧ ባለው ባዶ በርጩማ ላይ አሳረፈችው።