ከግንቡ ጣሪያ የወረደው እጅ

ጠዋት ከወንዙ የተነሳው ጭጋግ እኩለ ቀን ሲቃረብም አልተገፈፈም። ኪኑኤ ድልድዩ መሐል ቆም ብላ ቀና ስትል የከተማው ጥንታዊ ግንብ መሠረት ያለው አይመስልም፤ ነጭ ግድግዳውና ጥቁር ጣሪያው ብቻ ባዶ ላይ ተንሳፍፈው ይታያሉ። ሰባ አምስት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እዚህችው ከተማ ኖራ፣ ከልጅነቷ ወዲህ ደጁን ረግጣ አታውቅም።

«እትዬ፣ እንዲህ እያንጋጠጥሽ ውሃው ውስጥ ብትገቢ እኔ ዋና አልችልም» አለች ታናሽ እህቷ ቶሺኤ፤ «ዳክዬዎቹ ያውጡሽ።»

«አንቺ ከምታወጪኝ ዳክዬዎቹ ይሻሉኛል።»

የመጡት በቶሺኤ ጉትጎታ ነው። ግንቡ ለእድሳት ዘጠኝ ዓመት ተዘግቶ ዘንድሮ ሲከፈት ከተማው ሁሉ አይቶት እነሱ ቀርተው ነበር። ኪኑኤ አንዴ ጉልበቴን፣ አንዴ ዝናቡ እያለች ስትሸሽ ከረመች። እውነቱ ሌላ ነው። አባታቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ፤ ከስልሳ ምናምን ዓመት በፊት ያ ጣሪያ ሲታደስ የክዳኑ ሸክላ የተተኮሰው በእሳቸው እቶን ነው። በዚያው ዓመት በብርዱ ወራት ታላቅ ወንድማቸው ሺገሩ በሳንባ ምች ሞተ። ዐሥር ዓመቱ ነበር። አባት እቶኑን አፍርሰው ፋብሪካ ተቀጠሩ፤ እናት ስሙ ቤት ውስጥ ሲነሳ ተነስተው ይወጡ ጀመር። ቶሺኤ በዓመቱ ስለተወለደች ወንድሟን የምታውቀው ከአንዲት ደብዛዛ ፎቶ ብቻ ነው።

በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው በላስቲክ ያዙ። ወለሉ በካልሲም ቢሆን እንደ ምንጭ ውሃ ይቀዘቅዛል። ደረጃው ከመሰላል አይሻልም። በወጡ ቁጥር የሰው ድምፅ ይርቃል፤ በጠባቦቹ መስኮቶች የሚታየው ጭጋግ እየነጣ ይሄዳል። ኪኑኤ ስንተኛ ፎቅ እንደደረሰች ጠፋት። እርጥብ ጭቃ የሸተታት መሰላትና ዞር ብላ ብታይ ማንም የለም።

ግንቡ ውስጥ ባለው ሙዚየም የጥንት የጦር ልብሶቹ ሰው እንዳለባቸው ሁሉ ከመስታወት ጀርባ ቁጭ ብለዋል። ቶሺኤ አንዱን የተኮሳተረ የብረት ጭምብል እያየች «ነፍሱን ይማረውና ባሌ ከእንቅልፉ ሲነሳ ቁርጥ ይሄን ይመስል ነበር» አለች።

ኪኑኤ አልሳቀችም። ጥግ ላይ ካለች አንዲት የጣሪያ ሸክላ ፊት ቆማለች። ሸክላዋ ላይ የልጅ መዳፍ ታትሟል፤ የመሐል ጣቱ አንድ አንጓ ጎድሎታል። ከጎኑ ሦስት ትንንሽ ክብ ጎድጓዶች አሉ። ከሥር፣ «ከላይኛው ጣሪያ የወረደ። የማይታወቅ ልጅ እጅና የድመት ዱካ» ይላል።

ያን ጣት የጭድ መቁረጫ ነው የበላው። ያን ቀን ስታለቅስ የነበረችው እሷ እንጂ ሺገሩ አልነበረም። ሸክላዎቹ ሜዳው ላይ ተደርድረው ሲደርቁ፣ ሦስት ጣቷን እርጥቡ ጭቃ ላይ እንድትጫን ብብቷን ይዞ ወደ አንዱ ሲያጎነብሳት፣ ትንፋሹ ጆሮዋን ሲኮረኩራት ታወቃት። «ቶሎ በይ፣ አባባ ሳይመጣ! እኛ እኮ ከከተማው ሁሉ በላይ ልንኖር ነው!»

«ድመቷ እኔ ነኝ» አለች።

«ምን አልሽ እትዬ?»

«የሺገሩ እጅ ነው። ድመት የተባልኩት እኔ ነኝ።»

ክንዱ ላይ የአስጎብኚ ጨርቅ ያሰረ ሽማግሌ ጠጋ አለ። «እናቴ፣ ደክሞዎት እንደሆነ ወንበር ላምጣልዎት?»

«ወንበሩ ይቆይና አለቃዎን ይጥሩልኝ። ከዚህች ሸክላ ጀርባ ሦስት የቀርከሃ ቅጠል ያለው ማኅተም አለ ይበሏቸው። የአባቴ ነው።»

ኦጋታ የምትባል ወጣት የሙዚየሙ ባለሙያ ቁልፍ ይዛ መጣች። ጓንት አጥልቃ ሸክላዋን ቀስ ብላ ገለበጠቻት። ሦስቱም ቅጠሎች አሉ።

«መንካት ክልክል ነበር» አለች ኦጋታ፤ «ግን ስልሳ ዓመት ዝናብና በረዶ ያልጎዳውን የእናንተ እጅ ምን ያደርገዋል?»

ኪኑኤ ጣቶቿን ወደ ጎድጓዶቹ አስጠጋች፤ አልገቡም። ከዚያ የቶሺኤን እጅ ያዘችና የወንድማቸው መዳፍ ላይ አሳረፈችው። ቶሺኤ፣ ያቺ ቀልደኛ፣ አንገቷን ደፍታ የመዳፉን ዳር በጣቷ ዳሰሰች።

«ትንሽ ነው» አለች። «እኔ ሁሌ ትልቅ ሰው ነበር የሚመስለኝ።»

ኦጋታ ወረቀት አውጥታ ስማቸውን ጻፈች፤ ሺገሩ፣ ዐሥር ዓመት፤ ኪኑኤ፣ ስድስት ዓመት። ጽሑፉ በሳምንቱ እንደሚቀየር ነገረቻቸው።

«የኔስ ስም?» አለች ቶሺኤ ዓይኗን እየጠረገች። «እንግዲያው ድመቷ እኔ ልሁና።»

ኪኑኤ ያኔ ነው የሳቀችው፤ ሳቋ ባዶው አዳራሽ ውስጥ የሌላ ሰው መስሎ ተሰማት።

ሲወጡ ጭጋጉ እንዳለ ነው። አውቶቡስ ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ።

«ድምፁ እንዴት ነበር?» አለች ቶሺኤ።

ኪኑኤ የረሳችው መስሏት ነበር። «ሻካራ ነው። ሲያፏጭ ግን ወፍ ይቀናበታል። እንቁራሪት ደግሞ አይጣል ነው፣ ሲፈራ!»

«ሂጂ! እንቁራሪት?»

«አንድ ቀን ምን ሆነ መሰለሽ...»

ሁለት አውቶቡስ አለፋቸው።