ስም የማይጠይቅ ቁልፍ

ግንበኛው ወደ ሥራ ሊወጣ ሲል ሚስቱን ኮምፒውተሯ ፊት ተቀምጣ አገኛት። ስክሪኑ የይለፍ ቃል ይጠብቃል፤ እሷ ግን ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳርፋ ፈዛለች።

«ምነው?» አላት።

«ጠፋብኝ። አፌ ላይ ነበር፣ ብን አለ።»

ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረች ሴት ናት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ስለ ወንዞች የልጆች መጽሐፍ ትጽፋለች። ሐኪሙ የመርሳት በሽታ እንደያዛት የነገራቸው ዕለት፣ «የለመደችውን ሥራ እንዳታቋርጥ» ብሎ አስጠንቅቆ ነበርና ባልየው መጽሐፉን እንደ መድኃኒት ነበር የሚያየው።

የይለፍ ቃሉን ያውቀዋል። በዘጠኝ ዓመቷ የሞተችባቸው የአንድዬ ልጃቸው የቁልምጫ ስም ነው። ከቀብሯ ወዲህ ሁለቱም ያንን ስም ጮክ ብለው ጠርተውት አያውቁም። እናትየው ግን በየጠዋቱ በጣቶቿ ትጠራት ነበር።

ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ነገራት። አንድ በአንድ ጻፈችው፤ ስክሪኑ ተከፈተ።

«ደስ የሚል ስም ነው» አለች ቀና ብላ። «የማን ነው?»

ግንበኛው መዋሸት አቃተው። «የልጃችን ነው» አላት።

«ልጅ አለችን? የት ናት ታዲያ?»

ነገራት። ያን ጊዜ ልክ መርዶው ገና እንደመጣ ሆነባት፤ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። እኩለ ቀን ላይ ፊቷን በመስታወት አይታ፣ «ዓይኔ ምን ሆኖ ነው ያበጠው?» ብላ ጠየቀችው።

በማግስቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሩን አቅፎ ሰፈር ውስጥ ወደምትገኝ የኮምፒውተር ጠጋኝ ሄደና ሚስቱ የይለፍ ቃሉ እንደሚጠፋባት ነገራት።

«ጋሼ፣ ይሄማ ማብሪያው ላይ የጣት አሻራ ማንበቢያ አለው» አለችው ሴትየዋ። «አሻራዋን ያስመዝግቡላት፤ ከዚያ ምንም መጻፍ አይጠበቅባትም። መጀመሪያ ግን የይለፍ ቃሉን አንዴ ይጠይቅዎታል። ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ» አለ።

ቤት ገብቶ፣ ጠጋኟ በወረቀት የጻፈችለትን እየተከተለ አሻራ የሚመዘገብበት ገጽ ላይ ደረሰ። ስሙን በአንድ ወፍራም ጣቱ ጻፈው። ዓይኑን እንባ ሸፍኖት ኖሮ ተሳሳተ። ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ ደገመው። ከዚያ ሚስቱን ጠርቶ ጣቷን ያዘና ማብሪያው ላይ አሳረፈው።

«አንሺ። ደግሞ አስነኪ። ጠርዙን ደግሞ።»

«ስንቴ ነው? ፖሊስ ጣቢያ አደረግኸው እኮ!»

ሳቀ፤ ከሳቀ ብዙ ጊዜው ነበር።

«የአንተንም አስገባ እንጂ» አለችው። ሞከረ። አንዱንም ጣቱን ማሽኑ አላነበበውም፤ አርባ ዓመት ድንጋይና ሲሚንቶ አሻራውን በልቶታል። «አንተ ሰውዬ፣ ሰርቀህ ብትሄድ የሚይዝህ የለም!» ብላ ከት ብላ ሳቀች።

ከዚያ ወዲያ በጠዋት ትነሳለች፣ ጣቷን ታስነካለች፣ ወንዞቿን ይዛ ትቀመጣለች። አታለቅስም። የማን ስም ነው ብላም አትጠይቅም። እሱም የፈለገው ይኸንኑ ነበር፤ ሆኖም መጀመሪያ ሰሞን ከበሩ ቆሞ ሲያያት፣ ልጅቱ ሁለተኛ የሞተች ይመስለው ነበር። በዚህች ምድር ያቺን ልጅ የሚያስታውስ ከእሱ በቀር ማንም አልቀረም።

በዚያው ሰሞን አንድ ቀን፣ ከበሩ ቆሞ ሲያያት ቆይቶ ሥራ ቦታ አርፍዶ ደረሰ። ፎርማኑ ሊቆጣው ብሎ ፊቱን ሲያይ ተወው።

«ቤት ደህና አይደለም እንዴ?»

«ደህና ነው» አለ። «ሚስቴ ስለ ወንዝ አዲስ ምዕራፍ ጀምራለች።» የሲሚንቶ ማንኪያውን አነሳና መገንባቱን ቀጠለ።