ሲያዩዋት የማትቆፍር

«እትዬ፣ ያንን በር እንዳትነኪው!»

ዘበኛው ድንገት ሲጮህ እጁ ላይ የነበረው ቡና ሱሪው ላይ ተደፋ። ሳሎኑን የሞሉት ለቅሶ ደራሾች ሹክሹክታቸውን አቋረጡ። ታላቅ እህቱ ግን ፍራሽ እንዳቀፈች የሟቿ ክፍል በር ላይ ቆማ አፈጠጠችበት።

«ሰው ኮሪደር ላይ ሊያድር ነው እኮ! ባዶ ክፍል ተቆልፎ እንግዳ መሬት ይተኛል?»

«ባዶ አይደለም።»

«እስስት ናታ ያለችው!» ፍራሹን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ሰው እንደ እስስት ሲለዋወጥ ማየቱ አልበቃ ብሏት እውነተኛዋን ከባሕር ማዶ... የኔ ቀልደኛ፣ የኔ ጉደኛ...» ቀልዱን ሳትጨርሰው ለቅሶ ቀደማት።

ዘበኛው ወንበር ጎትቶ በሩ ላይ ተቀመጠ። ዕድሜውን ሙሉ የፋብሪካ በር ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ ሌላ ሙያ አያውቅም። አንድ ልጁ ከተቀበረች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሐዘኑ አእምሮውን ነካ አድርጎት ይሆናል ሲባባሉ ሰምቷል። ይበሉ።

ልጅቷ የአውሮፕላን ጭነት መጋዘን ሠራተኛ ነበረች። አንድ ቀን፣ እያንዳንዳቸው በትንንሽ የጨርቅ ከረጢት የታሰሩ እስስቶች የሞሉበት ካርቶን ከሩቅ አገር መጣ። አብዛኞቹ መንገድ ላይ አልቀዋል። ያስመጣቸው ነጋዴ ከረጢቶቹን ፈታ ፈታ አድርጎ አየና «የሬሳ ቀረጥ አልከፍልም» ብሎ ጥሏቸው ሄደ። እሷ ትንፋሽ የቀራቸውን ሁለቱን፣ ወንድና ሴት፣ በሹራቧ ጠቅልላ ቤት ይዛቸው መጣች። እናቷ ያን ለታ «ወይ እነሱ ወይ እኔ!» ብላ ጎረቤት ሄደች፤ ለእራት ግን ተመለሰች።

በወንፊት ሽቦ ሁለት ቤት ሠራችላቸው፤ የሙቀት አምፖል አንጠለጠለች፤ ለቀለባቸው ፌንጣ ማርባት ጀመረች። ከሳህን ውኃ አይጠጡም፤ ጠብታውን ከቅጠል ላይ ነው የሚልሱት። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ቅጠሉን በመርጫ ታርሳለች። በሁለቱ ቤቶች መካከል ደግሞ ካርቶን አቆመች። «ሲተያዩ ይናደዳሉ» አለች፣ «ትዳር እንደሰነበተባቸው ሰዎች።» ዘራቸው በትውልድ ቦታቸውም እየጠፋ ነው ትል ነበር። የመጀመሪያዎቹን እንቁላሎች ሻጋታ ፈጃቸው። ዘንድሮ ሴቷ እንደገና ስታረግዝ ልጅቷ አልጋ ላይ ዋለች። ወንዱም ብዙ ሳይቆይ ሞተ።

«አባዬ፣ የልጅ ልጅ እያልክ ስትነዘንዘኝ አልነበር? ይኸው፣ ሃያ ሠላሳውን ባንዴ!» አለችው ከትራሷ ቀና ብላ። ከዚያ ቀልዱን ተወችው። «ስማኝ፣ ከቅርንጫፉ ወርዳ አሸዋውን መጫር ስትጀምር ጨርቅ ጣልባትና ውጣ። ሰው ካያት መቆፈሯን ትተዋለች። ካልቆፈረች አትጥልም፤ እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ይገድላታል። ገባህ?»

«ገባኝ። ማንም አያያትም።»

«አንተም ሰው ነህ፣ እሺ?»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

ያን ሰሞን ፈቃድ ወስዶ ከአልጋዋ አጠገብ አልተነሳም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ «አባዬ፣ እስቲ ለትንሽ ውጣልኝ» አለችው። ወጣ። ወጥቶም ጎንበስ አለና በቁልፉ ቀዳዳ አያት። ጥቂት ቆይታ «አባዬ» አለች ከውስጥ፣ «የቀዳዳው ብርሃን ጠፋ እኮ።» ሁለቱም ሳቁ። ተመልሶ ገብቶ ተቀመጠ፤ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዛሬ ለመጣው ሁሉ በኩራት የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ «ልጄ እስከ መጨረሻዋ አንዴ እንኳ አላለቀሰችም።»

ከእህቱ ጋር በሩ ላይ በተጨቃጨቁ ማግስት ጠዋት ቅጠሉን ሊያርስ ሲገባ እስስቷን መሬት ወርዳ አሸዋ ስትጭር አገኛት። የልጁን ሰማያዊ ሻርፕ ሽቦው ላይ ጣለ፤ ወጣ፤ ቆለፈ፤ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ሚስቱ በወዲያኛው ክፍል ፍራሽ ላይ ናት። ከቀብሩ ወዲህ አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም። ሴቶቹ ከበዋት ፊት ፊቷን እያዩ «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ይሏታል። እሷ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። ዘበኛው ተንበርክኮ ጆሮዋ ላይ «እየቆፈረች ነው» አላት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «እውነት?»

ያቺ «እውነት?» አላስቀምጠው አለች። ሌላ የሚነግራት ነገር ፈለገ። ከምሳ በፊት ገባና የሻርፑን ጫፍ ገለጥ አደረገ። እስስቷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሆና በፊት እግሮቿ አሸዋ ትጠርጋለች። አንደኛው ዓይኗ ጉድጓዱ ላይ ነው። ሌላኛው ቀስ ብሎ ዞረና እሱ ላይ አረፈ። እግሯ ቆመ።

«እኔ ነኝ፣ ውኃ የማጠጣሽ» ብሎ አንሾካሾከላትና ጫፉን መለሰ።

ከምሳ በኋላም ገባ። ወደ ማምሻው ላይም ገባ። እንግዳ አይደለሁማ፣ ታውቀኛለች፣ እያለ። በመጨረሻው ላይ ጉድጓዱ ግማሹ ተደርምሶ እሷ ቅርንጫፉ ላይ ወጥታ ነበር፤ ጠቁራ።

ከዚያ ወዲያ አልወረደችም። ፌንጣ አልነካችም፤ ጠብታውም ሳይላስ ከቅጠሉ ላይ ይደርቃል። ዓይኖቿ ጎደጎዱ። ሚስቱ «እህስ?» ባለችው ቁጥር «ትንሽ ይቀራታል» ይላታል። የልጁ የመጋዘን ጓደኛ ልታጽናናቸው ስትመጣ እጇን ይዞ ወደ ክፍሉ አስገባት። ጓደኛዋ ሻርፑን ገልጣ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

«አባባ፣ ሰው ገብቶባታል እንዴ?»

«ማንም! እናቷን እንኳ አላስገባሁም። እኔ ብቻ ነኝ።»

ጓደኛዋ የተደረመሰውን ጉድጓድ አየች፤ ከሽቦው አጠገብ የተቀመጠውንም ወንበር አየች።

«እርስዎ ብቻ» አለች ቀስ ብላ። አልወቀሰችውም።

ዘበኛው ገባው። ሻርፑን ተንደርድሮ መለሰና ጓደኛዋን እየገፋ ከክፍሉ አወጣት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ ለራሱ። እሷ ኮሪደሩ ላይ ሆና የእንስሳት ሐኪም ጋ ስትደውል ከውስጥ አንድ ነገር አሸዋ ላይ ዱብ ሲል ሁለቱም ሰሙ።

ዘበኛው ተመልሶ ገብቶ ሲያነሳት ቀለል አለችው። ሆዷ ላይ እንቁላሎቹ ከጣቱ ሥር እንደ ሽምብራ ይቆጠራሉ። ጥቁረቷ መዳፉ ላይ እንዳለች ለቀቃት፤ ነጣች። ያኔ ነው ልጁ ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችበት ቀን ትዝ ያለው። ያላለቀሰችው ጠንካራ ስለሆነች አልነበረም። አንድ ጊዜ እንኳ ብቻዋን አልተዋትም፤ ያን ሁሉ ፍርሃት ሆዷ ውስጥ እንደያዘች ነው የሄደችው። የሚጠይቀው ይቅርታ የሚሰጠው ሰው የለውም።

እስስቷን በሻርፑ ጠቅልሎ ወደ ሚስቱ ገባ። ሚስቱ ሻርፑን አየች።

«እሷም?»

«እሷም።»

አፏ ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ሴቶቹ ወዲያው ተጠጓት፤ አንገታቸውን አሰገጉ። «አልቅሺ፣ የኔ እናት፣ አልቅሺ!» ዓይኖቿ ከአንዷ ፊት ወደ ሌላዋ ፊት ተንከራተቱ።

«ውጡ» አለ ዘበኛው።

«ምን ነካህ?» አለች እህቱ። «ሐዘንተኛ እንዴት ብቻውን ይተዋል?»

«እትዬ፣ በሞቴ፣ ሁላችሁንም ይዘሻቸው ውጪልኝ።»

እያጉረመረሙ ወጡ። እሱ ሻርፑን እቅፏ ውስጥ አኖረላትና አጠገቧ ሊቀመጥ ጉልበቱን አጠፈ።

«አንተም» አለችው።

ወጥቶ በሩን ዘጋ። ልማድ ሆኖበት ጎንበስ ማለት ጀምሮ ነበር፤ ግማሽ ላይ ቀና አለ። ኮሪደሩ እየጨለመ ነው። ማብሪያውን ዳሶ መብራቱን አበራና፣ ብርሃኑ በቁልፉ ቀዳዳ እንዲገባላት፣ ከበሩ ፈቀቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ከውስጥ መጀመሪያ እንደ ሳል ያለ ነገር ተሰማ፤ ቀጥሎ ሌላ። ዘበኛው ዞሮ አላየም።