የአባትየው መለኪያ

"ግፉት! ግፉት እንጂ፣ ምን ትለማመጡታላችሁ!" ብለው እትዬ ጮኹ።

ሁለቱ አናጢዎች ትከሻቸውን አስደግፈው እንደገና ገፉ። አዲሱ መዝጊያ ከላይ ሲገባ ከታች ይወጣል፤ ከታች ሲገባ ከላይ ይጋተራል። በመጨረሻ የመቃኑ ማዕዘን ቀጭ ብሎ ተላቀቀ። የእንጨት ሥራ ቤቱ ሠራተኞች ሁሉ ዞረው አዩ።

መጀመሪያ የተናገረው ቀለም ቀቢው ነው። "ጎበዝ፣ አትድከሙ" አለ ብሩሹን እያራገፈ። "በሩ ጨዋ ነው። ካልጋበዙት ሰው ቤት አይገባም።"

ሳቁ ከየጠረጴዛው ተነሣ። ኢንጂነሯ አልሳቀችም። አዲሱ መቁረጫ ማሽን አጠገብ ቆማ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ከውሉ ጋር ታመሳክራለች። ቁጥሩ ያው ነው። መቃኖቹን አናጢዎቹ በእጃቸው ሠርተዋቸዋል፤ መዝጊያዎቹን ግን ማሽኑ በታዘዘው ልክ ቆርጧል።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ትያለሽ?" አሉ እትዬ ወደ እሷ ዞረው። ሥራ ቤቱ የእሳቸው ነው፤ ማሽኑን በኪራይ ያስገቡትም እሳቸው ናቸው። "በሮቹን ያዘዙት የጤና ጣቢያው ሰዎች ነገ ጠዋት መኪና ይዘው ይመጣሉ። ይህን ሁሉ መቃን ገትሬ በር የለኝም ልበላቸው?"

"ማሽኑ ልክ ነው፣ እትዬ። ቁጥሩን እኮ..."

"ማሽኑ ልክ ነው!" አሉ ጋሼ ካቀረቀሩበት ሳይነሡ። የእትዬ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አናጢዎቹን የሚያዙት እሳቸው ናቸው። "ሰማችሁ? በሽተኛው ሞተ፣ መርፌው ግን ልክ ነው።"

ጋሼ ከማሽኑ ጋር የተጣሉት ገና ሳይመጣ ነው። አባታቸው ሲሞቱ ሥራ ቤቱን ለታናሽ እህታቸው አወረሱ። ለጋሼ የደረሳቸው የአባትየው ቁጣ ብቻ ነው እያሉ አናጢዎቹ ከኋላቸው ያሟቸዋል። እትዬ ደግሞ ማሽኑን ሲያስገቡ ወንድማቸውን አላማከሩም።

ኢንጂነሯ ይህ ሁሉ አይመለከታትም ነበር። የእሷ መሥሪያ ቤት ለትንንሽ ድርጅቶች አዳዲስ ማሽን ያቀርባል፤ እሷ ትተክላለች፣ ታለማምዳለች፣ ባለቤቱ "ተቀብያለሁ" ብሎ ሲፈርም ትሄዳለች። እስካሁን ግን የፈረመላት የለም። ዳቦ ቤቱ ማቡኪያውን መልሶታል። ልብስ ሰፊው የጥልፍ ማሽኑን ጨርቅ መከመሪያ አድርጎታል። ዛሬ ጠዋት አለቃዋ ደውሎ፣ "ይኼኛውም ተጭኖ ከተመለሰ አንቺም አብረሽው መጋዘን ግቢ" አላት። እናቷ እንኳ ትናንት ከፀጉሯ ላይ ሰጋቱራ እያራገፉ፣ "ያን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለዚህ ነው?" ብለዋታል።

"እስከ ማታ ጊዜ አለሽ" አሉ እትዬ። "በር ካልገባ ማሽንሽን ጭነሽ ውጪልኝ።"

ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ ብቻዋን ቀረች። ከቦርሳዋ ሜትሯን አወጣችና ዙሪያዋን ቃኘች። እዚህ ቤት ሜትር መያዝ ነውር ነው። "ሜትር ይለጠጣል፣ እንጨት አይዋሽም" ይሉ ነበር አሉ አባትየው። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚሠራው የራሱን የአንድ ሜትር መለኪያ እንጨት ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአባትየውን መለኪያ አውርዶ፣ በእሱ ልክ እንጨት ቆርጦ፣ ሥራ እስኪለቅ በዚያው ይለካል። እትዬ ይህን ለደንበኛ ሁሉ ያወራሉ። "የኛ አልጋ ፍራሹን ጭብጥ አድርጎ ይይዛል። የሌላው ቤት አልጋ ይሰፋዋል" ይላሉ ደረታቸውን ነፍተው።

መቃኑን ለካችው። ከውሉ ያንሳል። ሌላውን ለካች፤ ያንሳል። ሁሉም የሚያንሱት በእኩል ነው።

ወንበር ላይ ወጥታ የአባትየውን መለኪያ ከምስማሩ አወረደችው። ከብዙ እጅ የተነሣ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ጠረጴዛው ላይ አጋድማ ሜትሯን ጎኑ ዘረጋችው። እንጨቱ ሲያልቅ ሜትሩ ገና አንድ ሜትር አልሞላም፤ የትንሽ ጣት ወርድ ያህል ይቀራል። ፍራሹን ጭብጥ አድርጎ የሚይዘው አልጋ ትዝ አላት።

"መልሺው።"

ጋሼ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሜትር አይሞላም።"

"መልሺው አልኩ።"

አልመለሰችውም። "ያውቁ ነበር?"

ጋሼ በሩን ገርበብ አድርገው ቀረቡ። ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ከጩኸታቸው ይበልጥ ያስፈራሉ። "ጫፉ ተሰንጥቆ ነበር። አባቴ ስንጥቁን ቆርጦ ጣለው። ሌላ እንሥራ ስለው፣ 'ማን ያውቃል?' አለኝ። መጋዙን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የተቀጠረ ሁሉ የቀዳው ከዚህ ላይ ነው።"

"ሰው ግን የሚከፍለው ለሙሉ ሜትር ነው።"

"ሰው አልጋ ገዛ፣ ተኛበት። ማን ወደቀ? የጤና ጣቢያውንም ክፍተት ግንበኛው በሲሚንቶ ይደፍነዋል።"

"እትዬስ?"

"እሷ አባቷን ታመልካለች። ሂጂና ንገሪያታ! 'አባትሽ ሰው ሲሸውዱ ነው የኖሩት' በያት። አንቺን ታምን እንደሆነ እናያለን።" መለኪያውን ከእጇ ነጥቀው ምስማሩ ላይ ሰቀሉት። "ይልቅ ስሚኝ። ማሽንሽ ያሉትን ይሰማል አይደል? በዚህ ልክ አድርጊው፤ ለዛሬ ብቻ ሳይሆን ለሁልጊዜው። እኔም አልቃወምሽም። እህቴ ትፈርማለች፣ አንቺም ሥራሽን ትይዣለሽ።"

"እምቢ ካልኩስ?"

"በሮቹን እኔ በመላጊያ ልክ አስገባቸዋለሁ። ማሽኑ አንቺን ይዞ ይሄዳል።"

ከምሳ በኋላ ኢንጂነሯ ማንንም ሳታናግር ቁጥሩን ቀነሰች። ማሽኑ የተቆረጡትን መዝጊያዎች አንድ በአንድ እየተቀበለ ጠርዛቸውን ላጨ። የመጀመሪያው መቃኑ ውስጥ ገብቶ ጧ ብሎ ገጠመ።

"ተጋበዘ!" አለ ቀለም ቀቢው። ሌላው ቀርቶ የተላቀቀውን ማዕዘን በኮላ የሚያያይዘው አናጢ እንኳ አጨበጨበ።

የመጨረሻው በር ሲገጥም እትዬ መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ጠረጉ። "ታዲያ ምን ነበር ችግሩ?"

የጋሼ መላጊያ ቀጥ አለ።

"መቃኖቹ የተሠሩበት ልክና ማሽኑ የተሞላበት ልክ ይለያያል" አለች ኢንጂነሯ። "መቃኖቹን ሳልለካ ነው ቁጥር የሞላሁት።"

"እና ከመጀመሪያውም ጥፋቱ ያንቺ ነዋ! ሙሉ ቀን ነፍሴን ስታስጨንቂያት!"

"አዎ፣ ሳልለካ መጀመሬ የኔ ጥፋት ነው።"

"ይሁን፤ ልጅ ናት፣ አስተካከለችው" አሉ ጋሼ። መላጊያው እንደገና መሄድ ጀመረ።

"በይ ወረቀትሽን አምጪ፣ ልፈርምልሽ" አሉ እትዬ።

ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። ስክሪኑ ላይ ማሽኑ ጥያቄውን ደቅኗል፦ ይህ ልክ ለወደፊቱም ይቀመጥ? ጋሼ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ፤ የኮላ ሽታቸው ደረሳት። "አዎ የሚለው የትኛው ነው?" አሉ ቀስ ብለው።

አሳየቻቸው። ከዚያ ሌላውን ተጫነች።

ስክሪኑ ጸድቶ ሙሉው ሜትር ተመለሰ። ጋሼ ሌላው ሳይሰማ ተሳደቡ፤ እሷ ግን ሰምታዋለች።

"ዛሬ አይፈርሙልኝ፣ እትዬ" አለች ወረቀቱን አጥፋ እየመለሰች። "ከአሁን በኋላ ማሽኑ የሚቆርጠው በሙሉ ሜትር ነው። አሁን በሠራነው ልክ አይደለም።"

"ምን ማለት ነው? ገና አሁን አስተካክለሽው የለ እንዴ?"

ሜትሯን ከኪሷ አውጥታ ጋሼ ጠረጴዛ ላይ፣ መላጊያው አጠገብ አስቀመጠችው። "ጋሼ ያስረዱዎታል። መኪናው ሳይመጣ ቢሰሙት ይሻላል።"

"ምኑን ነው የምታስረዳኝ?" እትዬ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። "አንተ፣ ምኑን ነው?"

አናጢዎቹ የሚሆነው ገብቷቸው ሳይሆን፣ ልጅቷ ተባራ ትወጣለች ብለው ወደ በሩ የሚወስደውን መተላለፊያ ለቀቁላት።

ኢንጂነሯ ቦርሳዋን አነሣች። መተላለፊያውን አየችው። ከዚያ ሰጋቱራ የለበሰ በርጩማ ስባ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጋሼ ፊት ለፊት ተቀመጠች።