የማን ተዝካር ነው?

ቢረሳው ወንድሙ ወርቅነህ ያን ጧት ተሳስቷል ባይ ነው። የወርቅነህ ሚስት ዘነበወርቅ ደግሞ ባሏ አውቆ ነው ያደረገው ትላለች። እስራኤል አገር ቂርያት ማላኪ፣ ከመኖሪያ ሕንጻው ሥር ለወርቅነህ ለቅሶ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይከራከራሉ።

ነገሩ የሆነው ከአውሮፕላን በወረዱ ማግሥት፣ ጌዴራ ባለው ሆቴል ነው። ሆቴሉ ጥንት ሳንባቸውን የታመሙ ሰዎች አየር ሊቀይሩ የሚያርፉበት ነበር፤ ቀጥሎ የከተማው ሰው ልጁን የሚድርበት ሆነ። በዚያ ዓመት ግን በየክፍሉ ከጎንደር የመጡ ቤተሰቦች ሞሉበት። ወርቅነህም ኋላ በረኛው ሆኖ እዚያው አረጀ።

«ቁርስ ተደርድሯል፤ እንቁላሉ፣ አይቡ፣ ዓሣው!» አለ ቢረሳው። «ይኼ ወንድሜ ‹የማን ተዝካር ነው?› ይለኛል። ሄዶም የሆቴሉን ባለቤት እጅ ይዞ ‹እግዜር ያጥናዎት› አላት። ለቁርስ!»

ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። የወርቅነህ ልጅ ሊኖር አንገቷን ደፋች። ከልጅነቷ ጀምሮ በየሰርጉ ይህ ሲነሳ ተነስታ ትወጣ ነበር።

«አንተ አፍህ በእንቁላል ሞልቶ ምን ታያለህ?» አለች ዘነበወርቅ። «ፊቷን አይቶ ነው። ሐዘንተኛ መሆኗን አውቋል።»

የባለቤቲቱ ልጅ አሳፍ ሊያጽናና ከጌዴራ መጥቶ ከሊኖር አጠገብ ተቀምጧል። ሆቴሉ ታድሶ ሊከፈት ነው፤ ታሪኩም መግቢያው ላይ በድንጋይ ይቀረጻል። አሳፍ የወርቅነህ ስም ከዚያ ጧት ጋር እንዲነሳ ይፈልጋል፤ እንዴት እንደሚነሳ ግን ቤተሰቡ ይወስን ብሏል።

«አባቴ በዚያው ክረምት ሞቶ ነበር» አላት በዕብራይስጥ። «ስሙን ማንም አያነሳባትም። አስተርጓሚው አፍሮ ሳይተረጉምላት ቀረ፤ እናቴ ግን ከእጅ አያያዙ ገባት። አለቀሰች። አባትሽ ያወቀ ይመስላት ነበር። እውነቱን እኔም አላውቅም።»

ሊኖር የሰማችውን በአማርኛ ስትናገር እናቷ ጉልበቷን መታ አደረገች። «አላልኩም? ‹አውቆ ነው› ብለሽ አስጽፊ። ከእንግዲህ ማንም አይስቅበት።»

ሊኖር በዕብራይስጥ «ቤሰደር»፣ እሺ፣ ልትል አፏን ከፈተችና ወደ አጎቷ ዞረች።

«አጎቴ፣ አባዬ ያኔ በልቶ ነበር?»

«ምን ይበላል! ሁለት ቀን ሙሉ እህል አልቀመሰም ነበር። ቢሆንም ‹ሰው ሞቶባቸው ሳናጽናና ልንበላ? ነውር ነው!› ብሎ እጄን መታኝ። እኔማ በላሁ።»

ድንኳኑ እንደገና ሳቀ። ቢረሳው ግን አብሮ አልሳቀም፤ ሊጎርስ ያነሳውን ዳቦ ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ መለሰው።

ሊኖር ተነስታ ቆመች። ድምፅዋ እስከ መንገዱ ተሰማ።

«ተሳስቶ ነበር ተብሎ ይጻፍ፤ ተዝካር መስሎት ነበር። ተርቦ ሳለ ግን ሳያጽናና አልበላም። በዕብራይስጥም፣ በአማርኛም።»